ሁለት መቶ ዐሥራ አራተኛው መስታወት

ሲስተር ዩላሊያ የሞተችው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። በሃ ሴኩቱ ሚሲዮን የዐሥራ አንድ ሰዓት የጸሎት ደወል ተደውሎ ሳትመጣ ብትቀር፣ የመነኮሳቱ እህቶች አለቃ ሲስተር በርናርዳ ልትጠራት ወደ አሮጌው ሆስፒታል ሄደች። ዩላሊያ የድሮ ፎቶግራፎች በሚቀመጡባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ወንበሯ ላይ ነበረች። አንገቷ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል፤ ጉንጮቿ ከሩጫ እንደተመለሰች ልጃገረድ ቀልተዋል። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ እንዲህ ያማረ ፊት ታይቶባት አያውቅም። ትንፋሽ ግን አልነበራትም።

ኢንስፔክተር ታንኪሶ በማግስቱ ጠዋት ደረሰ። መንገዱን በረዶ ስለሸፈነው መኪናውን ከድልድዩ ማዶ ትቶ የቀረውን ዳገት በእግሩ ወጣ። ዕድሜው ሃምሳ አራት ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ አንድ ክፉ በሽታ አገሩን ሲያጭድ ሁለት ወንድሞቹንና የበኩር ልጁን ቀብሯል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ሥራ የለውም፣ ቀብር ነው። መጀመሪያ ያለቅስ ነበር። ኋላ እንባው ቀረ፤ ቀጥሎ ሐዘኑም ቀረ። አሁን ሬሳ ፊት ሲቆም የሚሰማው ነገር የለም፤ የሚያየው ብቻ ነው ያለው። አለቆቹ ይህን ብስለት ይሉታል።

«ምን ነክተዋል?» ሲል ሲስተር በርናርዳን ጠየቃት።

«መነጽሯን ብቻ አወለቅሁላት። በስልክ እንዳትነኳት ስላላችሁን ሌሊቱን እንዲሁ አደረች።» በርናርዳ ፈጣን ሴት ናት፤ ስትናገርም የሚቀጥለውን ሥራ የምታስብ ትመስላለች። «ሐኪሙ የከሰል ጭስ ነው ብሏል። አናጺው ንታቴ ሴኮቤ የምድጃውን ቱቦ ሳይጠርገው ቀርቶ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? እሑድ የሚሲዮኑ መቶኛ ዓመት ነው፤ ጳጳሱ ይመጣሉ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እኔ ስለ ወንበር ነው የማስበው።»

«ያስቡ። ወንበርም ያስፈልጋል» አላት።

ክፍሏን ዞር ብሎ ቃኘ። መስኮቱ ብርሃን እንዳይገባ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ግድግዳው ላይ ለበዓሉ የታተሙ ሥዕሎች ተደርድረዋል፤ ነጭ ቆብ ያደረጉ እህቶች በፈረስ ወንዝ ሲሻገሩ፣ ዛፍ ሥር የተዘረጋ የቀዶ ሕክምና አልጋ፣ በሥጋ ደዌ ጣታቸው ያለቀ ሽማግሌዎች ዳቦ ሲቀበሉ፣ አግዳሚ ላይ የተደረደሩ ራሳቸው የተላጨ ሕፃናት። መደርደሪያው ላይ ባሉት የእንጨት ሣጥኖች ውስጥ ፎቶግራፎቹ የሚታተሙባቸው የመስታወት ኔጋቲቮች አሉ፤ ከአራት መቶ ይበልጣሉ፤ ሁሉም ቁጥር አላቸው።

ኢንስፔክተሩ ወደ ሟቿ ጎንበስ አለ። የቀኝ እጇ ጣቶች ጭኗ ላይ ትልቅ ማጉያ መነጽር እንደጨበጡ ደርቀዋል። ፊት ለፊቷ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ጨርቅ ተነጥፏል። ጨርቁ ላይ ምንም የለም።

«ጠረጴዛው ላይ የነበረ ነገር አንስተዋል?»

«አላነሳሁም። እንዲሁ ባዶ ነበር።»

ሰው ባዶ ጨርቅ በማጉያ አያይም። ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ቆጠረ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። የጎደለው አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቁጥር።

ሁሉም «ንታቴ»፣ አባት፣ እያለ በአክብሮት የሚጠራው ሴኮቤ፣ የሚሲዮኑ አናጺ፣ ዘበኛና የሁሉ ነገር ጠጋኝ፣ ከውጭ በንዴት ይጠብቀው ነበር።

«እኔን ነው አይደል የምትለው? እዚህ ቤት ወጥ ቢያርር ሴኮቤ ነው፤ ዝናብ ቢቀር ሴኮቤ ነው! ቱቦውን ረቡዕ ጠዋት በዚህ እጄ ጠርጌዋለሁ። እንኳን ወፍ ዝንብ አልነበረበትም።»

«አሳየኝ።»

ቱቦው ከክፍሉ ጀርባ በግድግዳው ወጥቶ ሰው ደረት ላይ ሲደርስ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ አፉ ከራስ ብዙም አይርቅም። ሥሩ አሮጌ አግዳሚ አለ። ኢንስፔክተሩ አግዳሚው ላይ ቆሞ አፉን አየው። የቱቦው ውስጥ በጥላሸት ጠቁሯል፤ ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል ግን አንድ ነገር ዙሪያውን የወለወለው ይመስል ብረቱ ጠርቷል። ጠርዙ ላይ ደግሞ እሳት የላሰው ቡናማ የሱፍ ክር ተጣብቋል። በወረቀት ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«ንታቴ ሴኮቤ፣ ይህን ቱቦ ሰው ጠዋት ቢደፍነው ምን ይሆናል?»

«ጠዋት? ከሰሉን በሦስት ሰዓት ነው የምጨምርላት፤ ክፍሉ በጭስ ይሞላላ! እየሳለች ትወጣና እኔን ትሰድበኝ ነበር።»

«ከምሳ በኋላስ?»

ሴኮቤ ቀና ብሎ ቱቦውን አየ። ቀስ ብሎ ቆቡን አወለቀ።

«ያኔማ ከሰሉ ቀልቷል። ጭስ የለው፣ ሽታ የለው። ዩላሊያ ደግሞ ከምሳ በኋላ ወንበሯ ላይ ትንሽ ታሸልባለች፤ ሁላችንም እናውቃለን። ኢንስፔክተር፣ ይኼን የሚያውቀው በከሰል ያደገ የድሮ ሰው ነው። የዛሬ ልጆች ጋዝ እንጂ ምን ያውቃሉ?»

«አንተ ታውቃለህ።»

«እኔማ... ኧረ አንተ ሰውዬ! እኔ ከምሳ እስከ ደወል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሰላል ላይ ነበርኩ። ሲስተር በርናርዳ ከሥር ቆማ ‹ወደ ግራ፣ ኧረ ወደ ቀኝ› ስትለኝ ዋለች። ዐሥራ ሁለት ሥዕል ለመስቀል ሙሉ ከሰዓት! ነፍሴ ወጥታ ቢሆን ኖሮ እንኳ ‹ትንሽ ዝቅ አድርገህ ሙት› ትለኝ ነበር።»

በርናርዳም ይህንኑ አረጋገጠች። ሁለቱ ነርሶች እህቶች ታች አዲሱ ክሊኒክ በሥራ ላይ እንደዋሉ በሽተኞቹ መሰከሩ። በግቢው የቀሩት ሲስተር አሎይሲያ ብቻ ናቸው። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ የሚሲዮኑ አለቃ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ።

ኢንስፔክተሩ ምግብ ቤቱ ውስጥ አገኛቸው። በሁለት እጃቸው ትኩስ የሻይ ኩባያ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ዩላሊያ ጥሩ ልጅ ነበረች» አሉት ሳይጠይቃቸው። «የቀዶ ሕክምና ነርስ ነበረች፤ ዓይኗ ሲደክም ነው ወደ ሥዕሎቹ የዞረችው።»

«ትናንት ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«ክፍሌ። መቁጠሪያዬን ስደግም።»

«ምሳ ላይ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ነበር ይባላል። ምን አወራችሁ?»

«ስለ በዓሉ ነዋ፤ ሌላ ምን ወሬ አለ?»

«አንድ መስታወት ጠፍቷል። ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ቁጥር።»

«ዓይኔ ደክሟል ልጄ። እኔና ሥዕሎቹ ከተለያየን ቆየን።»

ኢንስፔክተሩ ኩባያውን የያዙትን እጆች አየ። የእጃቸው ጀርባ በብርድ ተሰነጣጥቆ ደም አቁሯል።

«እጅዎ ተጎድቷል።»

«ጓንቴ ጠፋብኝ» አሉና እጃቸውን ወደ ልብሳቸው እጅጌ ሰበሰቡ።

ሲወጣ በርናርዳን በሩ ላይ አገኛትና ጠየቃት። «ሲስተር አሎይሲያ? ያለ ጓንት?» አለች ተገርማ። «እጃቸውን ቁርጥማት ስላለባቸው ከግንቦት እስከ መስከረም አያወልቁትም። ጓንት አድርገው የሚተኙ ይመስለኛል።»

ወደ ፎቶግራፍ ክፍሉ ተመለሰ። ዩላሊያ ለእያንዳንዱ መስታወት ካርድ ጽፋለች፤ ካርዶቹ መሳቢያ ውስጥ ለብቻቸው ስለሚቀመጡ መስታወቱን የወሰደው ሰው አላሰባቸውም። ካርዱ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «214። የልጆች ክፍል፣ ሐምሌ 12 ቀን 1953 እ.ኤ.አ.። ጀማሪዋ እህት አሎይሲያ ከሦስት ሕፃናት ጋር። መካከለኛዋ ሞሴሌ፤ አንገቷ ላይ አዲስ ስፌት።» ከሥሩ በእርሳስ አንድ ስም ተጨምሯል፦ «ኬኔውዌ?»

የእንግዶች መዝገብ ላይ ይኸው ስም አለ። ኬኔውዌ ሐሙስ በሦስት ሰዓት መጥታለች።

አሮጌውን የሆስፒታል መዝገብም አስወጣ። ሞሴሌ የምትባል የሁለት ዓመት ልጅ በግንቦት 1953 ገብታለች፤ ሐምሌ 3 ቀን አንገቷ ላይ ያበጠ እጢ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶላታል፤ በመስከረም ድና ከእናቷ ጋር ሄዳለች። ከጎኗ ባለው አልጋ ላይ ስሟ ያልታወቀ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ ከሞተች እናቷ ጀርባ ያነሳት እኩያዋ ነበረች፤ ሐምሌ 19 ቀን ሞታለች ይላል። ኢንስፔክተሩ የመስኮቱን ብርድ ልብስ ገልጦ ገጹን ወደ ብርሃኑ አነሳ። ሞቱ በተጻፈበት ቦታ ወረቀቱ በምላጭ ተፍቆ ሳስቷል፤ ብርሃን ያሳልፋል።

ከሰዓት በኋላ በሸለቆው ማዶ ወዳለው የኬኔውዌ መንደር ሄደ። በዚያ መንገድ የሚመላለሰው ሚኒባስ ሾፌር ኬኔውዌን ያውቃታል፤ ሐሙስ በስድስት ሰዓት ከሚሲዮኑ በር አሳፍሮ ቤቷ ድረስ አድርሷታል፤ «መንገዱን ሙሉ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ እሷ እኮ ሬዲዮ ናት» አለ።

ከቤቱ ፊት ለፊት አሮጊት እናቷ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«እሜ፣ እናቴ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና ነኝ። ፖሊስ ነህ? የበግ ሌባ ከሆነ ያሳደድከው ቆይተሃል፤ ባለፈው ዓመት ነው የወሰዷቸው።»

ታንኪሶ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ስምዎን ማን ልበል?»

«ማሞሴሌ።»

በዚያ አገር ሴት በበኩር ልጇ ስም ነው የምትጠራው። ማሞሴሌ ማለት የሞሴሌ እናት ማለት ነው።

«ሞሴሌ የት ናት ታዲያ?»

አሮጊቷ በአገጫቸው ወደ በሩ አመለከቱ። «እዚያ ውስጥ ክር ስትሠራ ታገኛታለህ። ከሆስፒታል ስትወጣ ስሟን ቀየርኩት። ኬኔውዌ አልኳት።»

«ተሰጠችኝ» ማለት ነው። ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ወደ ውስጥ ገባ።

ኬኔውዌ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ትከሻዋ ላይ ቡናማ የሱፍ ሻል አድርጋለች፤ ጭኗም ላይ ያለው ክር ያው ቡናማ ነው። ኢንስፔክተሩ ከኪሱ የተጠቀለለውን ወረቀት አውጥቶ ክሮቹን አስተያየ። አንድ ናቸው።

«ቀለሙን ከየት ታገኚዋለሽ?»

«ከተክል ሥር ነው የማፈላው፤ የባሌ እናት ያስተማረችኝ ነው። ሌላ ሰው አይሠራውም። ለምን?»

«ሐሙስ ዩላሊያ ዘንድ ለምን ሄድሽ?»

«ለበዓሉ የልጅነት ሥዕልሽን ላሳይሽ ብላ ጠርታኝ።»

«አንገትሽን አሳዪኝ።»

ሻሏን የያዘ እጇ ቆመ። በሩን ገርበብ አድርጋ ተመለሰችና ሻሉን ዝቅ አደረገች። አንገቷ ላይ ምንም ጠባሳ የለም።

«ስፌቱን ዩላሊያ ናት ያየችው» አለች በሹክሹክታ። «‹አንገትሽን እስቲ› አለችኝ እየሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀረ። ‹እንዲህ ያለ ጠባሳ አይጠፋም፤ ይህቺ ልጅ አንቺ አይደለሽም› አለችኝ። እኔ የማን እንደሆንኩ አላውቅም ማለት ነው፣ ንታቴ። በሃምሳ ሦስት ዓመቴ።»

«ምን ልታደርግ አሰበች?»

«‹ሲስተር አሎይሲያን እጠይቃለሁ፤ እሑድ እናትሽ ሲመጡ እውነቱን እነግራቸዋለሁ› አለች። እግሯ ሥር ወደቅሁ። ‹ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ምን ልታደርጊላቸው ነው? ተያቸው› አልኳት። ‹እናት የማወቅ መብት አላት› አለች። በቃ ወጣሁ። አሁን እኔ ገደልኳት ልትለኝ ነው?»

«አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ ነበርሽ። ከዚህ ክር ለማን ለማን ሠርተሻል?»

«ለእናቴ፣ ለራሴ። ለሲስተር አሎይሲያ ደግሞ በየዓመቱ ጓንት። እጃቸውን ያማቸዋል። ከሞት አፍ አውጥተው ለእናቴ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።» ይህን ብላ የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። አፏን በእጇ ያዘች።

በማግስቱ ቅዳሜ በአራት ሰዓት ሁሉም ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። በዚያ ሰዓት የአክስቱ ልጅ ይቀበር ነበር፤ ታንኪሶ መቅረቱን በስልክ ተናገረ እንጂ ሌላ አላለም። ሲስተር በርናርዳ በጠረጴዛው ራስጌ ተቀመጠች። ሴኮቤ ቆመ። ሲስተር አሎይሲያ እጆቻቸው እጅጌያቸው ውስጥ ነበሩ። ኬኔውዌ ስትገባ እናቷ ተከትለዋት ገቡ፤ ለለቅሶ ነው የመጣሁት ብለው በሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«እሜ ማሞሴሌ ደክሟቸዋል» አሉ ሲስተር አሎይሲያ ብድግ ብለው። «ክፍሌ ወስጄ ላሳርፋቸው።»

«ይቀመጡ፤ እርስዎም» አለ ኢንስፔክተሩ። ድምፁ ቁጣም ርኅራኄም የለበትም። «ሲስተር ዩላሊያ በአደጋ አልሞተችም። ቱቦው ረቡዕ ተጠርጓል፤ ሐሙስ ግን አንድ ሰው አፉን በርጥብ ነገር ደፍኖ ኋላ ነቅሎታል። ሲነቅለው ጥላሸቱን የወለወለበት ቦታ ይታያል።»

«ብያለሁ እኮ!» አለ ሴኮቤ።

«ብለሃል። ይህ ሰው ከሰሉ እስኪቀላ ጠብቋል። ጠዋት ቢደፍነው ኖሮ ጭሱ ያስወጣት ነበር። እንግዲህ በከሰል የኖረ ሰው ነው። ዩላሊያ እንደምታሸልብም ያውቃል። ሴኮቤና ሲስተር በርናርዳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አብረው ነበሩ፤ ነርሶቹ ክሊኒክ ነበሩ። ቱቦው ጠርዝ ላይ የእሜ ኬኔውዌ ክር አገኘሁ።»

በርናርዳ ዞር ብላ ኬኔውዌን አየቻት።

«እሷ ግን በስድስት ሰዓት ተሳፍራለች፤ ያን ጊዜ ዩላሊያ ገና ምሳዋን አልበላችም። ክሩ ከእሷ እጅ ወጥቶ ሌላ እጅ ላይ የነበረ ነው። በየዓመቱ ጓንት ትሠራለች። የጓንቱ ባለቤት ትናንት ባዶ እጃቸውን ነበሩ፤ በዚህ ብርድ።»

ሁሉም ወደ አሎይሲያ እጅጌ ተመለከቱ።

«ገዳዩ ከጠረጴዛው ላይ አንድ መስታወት ወስዷል። ሥዕሉ ላይ አንገቷ የተሰፋ ልጅ አለች። መዝገቡ ያቺ ልጅ ድና ሄደች ይላል፤ ከጎኗ የነበረችው ስም የለሽ ሞተች ይላል። የሞቱ መስመር ተፍቆ የተጻፈ ነው። በዚያ ክረምት የልጆቹን ክፍል መዝገብ የምትጽፈው ጀማሪ እህት—»

«እባክህ» አሉ አሎይሲያ። «እሳቸው ፊት አይሁን። እኔ ነኝ፤ አልክድም። የፈለግከው ቦታ ወስደህ ጠይቀኝ፤ እሳቸው ፊት አይሁን።»

«ለዚሁ ብለው ነው ሰው የገደሉት» አለ ታንኪሶ። «ይናገሩ።»

አሎይሲያ ተቀመጡ። የተሰነጣጠቁ እጆቻቸውን ከእጅጌያቸው አወጡ።

«ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አሉ። «በረዶው መንገዱን ዘግቶ እናትየዋ አምስት ወር ሳትመጣ ቀረች። ልጅቷ እጄ ላይ ሞተች። መስከረም ላይ አንድ ቀን በሩን ስከፍት እናትየዋ ቆማለች፤ እግሯ ተሰነጣጥቋል፣ ማዘያዋን ዘርግታ ይዛለች። ‹ልጄን ልወስድ መጣሁ› አለች። ያቺኛዋ፣ ስም የለሿ፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ነበር፤ እጇን ዘረጋችላት። እኔ ዝም አልኩ። ያደረግኩት ይኼን ብቻ ነው። ኋላ መዝገቡን ፋቅኩ።»

«ሐሙስስ?»

«ምሳ ላይ ዩላሊያ ነገረችኝ። እባክሽ አልኳት። ሁለቴ አልኳት። ክፋት አልነበራትም፤ እውነት እውነት ስለሆነ ብቻ መነገር አለበት ብላ ነው። ሄጄ በበሩ አየኋት፤ አሸልቧታል፣ ከሰሉም ቀልቷል። ጆንያ በበረዶ አርሼ ቱቦውን ደፈንኩት። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ መቁጠሪያዬን ደገምኩ፤ ሦስት ዙር። ከዚያ ነቀልኩት። ገብቼ መስታወቱን ወሰድኩ። ጓንቴን ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ምንም አልተሰማኝም። እስካሁን እየጠበቅኩ ነው፤ አልመጣም።»

ታንኪሶ ይህን ነገር ያውቀዋል። 

አሎይሲያ ከልብሳቸው ውስጥ በፎጣ የተጠቀለለ መስታወት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «መስበር አቃተኝ።»

ከበሩ በኩል ወንበር ተንቋቋ። እሜ ማሞሴሌ በከዘራቸው ተደግፈው መጡና መስታወቱን አንስተው ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። ብርሃኑ ጨለማ፣ ጨለማው ብርሃን ሆኖ ሦስት ሕፃናት አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

«ይቺ ናት» አሉ። «ከስታለች።»

«እሜ፣ ይቅር በሉኝ...» አሉ አሎይሲያ።

«እኔ መቼ አላውቅም አልኩ?»

በርናርዳ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ጀርባዬ ላይ ሳዝላት አወቅኩ» አሉ አሮጊቷ። «የእኔ ልጅ ስትታዘል ጉንጯን ትከሻዬ ላይ ትለጥፍ ነበር። ይቺ ግን ግንባሯን አስደግፋ ድርቅ አለች፤ እንደምወረውራት ሁሉ። ከግቢው ሳልወጣ አወቅኩ። ወንዙ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ልመለስና ልጄስ ብዬ ልጠይቅ አልኩ። መልሱን ደግሞ አውቀዋለሁ። ከተመለስኩ ይቺን ማን ሊያዝላት ነው? ተሻገርኩ። ማዶ ስደርስ ስም አወጣሁላት።»

«ሃምሳ አንድ ዓመት!» አሉ አሎይሲያ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። «በየዓመቱ ሲመጡ... ለምን አልነገሩኝም?»

«ልጅ ነበርሽ። በሩ ላይ ስትንቀጠቀጪ አይቼሻለሁ። ኋላም በመጣሁ ቁጥር ፊቴን ታዪና ደስ ይልሽ ነበር። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?» አሮጊቷ መስታወቱን ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። «ያቺን ሴት ለእኔ ብለሽ ነው የገደልሻት?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«እኔ አልላክሁሽም።»

ኬኔውዌ ከወንበሯ ተንሸራታ እናቷ እግር ሥር ተቀምጣ ነበር። «እማ፣ ታውቂ ነበር?»

«አንቺስ ከሐሙስ ጀምሮ ወጡ ላይ ጨው ሁለቴ ትጨምሪያለሽ። ምን እንዳገኘሽ የማላውቅ መሰለሽ?» እጃቸውን የልጃቸው ራስ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ወደ አሎይሲያ ዞሩ። «የት ነው ያስተኛሻት? ይኼን ብቻ ነው የማላውቀው። ብጠይቅ ሁሉም ነገር ይወጣል ብዬ ሳልጠይቅ ኖርኩ።»

ሲስተር በርናርዳ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሴኮቤ ኮቱን አወለቀና ሳይጠየቅ አሎይሲያ ትከሻ ላይ ጣለው።

የሕፃናቱ መቃብር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። ወደ አርባ የሚጠጉ ትናንሽ ድንጋዮች ስም ሳይጻፍባቸው በረዶው ውስጥ ተደርድረዋል። አሎይሲያ ሳይቆጥሩ ሄደው አንዱ ጋ ተንበረከኩና በረዶውን በባዶ እጃቸው ጠረጉት። ከተሰነጠቀው እጃቸው የወጣ ደም ድንጋዩን ነካው፤ በእጅጌያቸው አበሱት።

እሜ ማሞሴሌ ድንጋዩን አዩ። ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቆ ከታችኛው በር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው የእግር መንገድ ያልፋል።

«በዚህ እኮ ነው በየበዓሉ የምገባው» አሉ። «በዚሁ መንገድ። ይኼን ያህል ቅርብ ነበረች?»

 አሮጊቷ በኬኔውዌ ክንድ ተደግፈው መሬቱ ላይ ተቀመጡ፤ ብርድ ልብሳቸውን ከትከሻቸው አውርደው ግማሹን ድንጋዩ ላይ አደረጉ። «ሞሴሌ» አሉ። ኬኔውዌ ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ ተቀመጠችና የብርድ ልብሱን ሌላ ጫፍ ያዘች።

ታች መንገድ ላይ እነ ኬኔውዌን ሊመልስ የመጣው ሚኒባስ ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። ኢንስፔክተር ታንኪሶ ሲስተር አሎይሲያን ወደ መኪናው መውሰድ ነበረበት፤ ክንዳቸውንም ይዞ ነበር። ሳይነቃነቅ ቆመ። እሳቸውም እንሂድ አላሉትም። ሚኒባሱ ትንሽ ጠብቆ፣ ባዶውን ቁልቁል ሄደ።